ከኬላ እስከ ዲክላራሲዮን

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጡት ሁለቱ ትላልቅ መንገዶች ኮልፌ ቀራንዮን ታክከው ያልፋሉ። አንደኛው በአየር ጤና በኩል ወደ ጅማ ይወርዳል። ሌላው በዊንጌትና በአስኮ አድርጎ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና አምቦን እያለፈ ወለጋ ይገባል፤ እስከ አዲስ ዓለም ያለው ክፍል አፄ ምኒልክ ካሠሯቸው የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። በዚህ አቅጣጫ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደ ከተማ ገብቷል፤ አሞሌ ጨው፣ አቡጀዲና ፋኑስ ወደ ገጠር ወጥቷል። ዛሬ በኮልፌና በቤቴል ያለ ወጣት ደግሞ ከጓንግዡ ጫማ፣ ከዱባይ ስልክ ያዛል፤ ዋሽንግተን ያለች አክስቱ መጽሐፍና ቫይታሚን ትልክለታለች።

የዕቃው ዓይነትና የሚመጣበት አገር ተለውጧል። የባለዕቃው ምሬት ግን የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ቢሰማው የሚያውቀው ነው። ሁለቱንም ያማረራቸው አንድ ቀረጥ ከብዶ አይደለም፤ በየደረጃው የሚደራረበው ክፍያና የሚወስደው ቀን ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከከፋና ከጅማ የተነሳ ሲራራ ጎጃምን አቋርጦ፣ በባሶ ገበያ አድርጎ፣ ጎንደር ደርሶ ወደ ምጽዋ ሲወርድ በየገዢው ወሰን ኬላ ይጠብቀው ነበር። ኬላ የሚተከለው ነጋዴ በቀላሉ ሊዞረው በማይችልበት ቦታ ነው፤ በወንዝ መሻገሪያ፣ በተራራ በር፣ በገበያ መግቢያ። ቀረጡ በአብዛኛው የሚቆጠረው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን በጭነት ነበር፤ ክፍያውም በአሞሌ፣ በጠገራ ብር ወይም ከዕቃው ተቀንሶ ይፈጸማል። አንዱ ገዢ የቀረጠውን ጭነት ቀጣዩም ይቀርጠዋል፤ የፊተኛው ደረሰኝ ለኋለኛው ምኑም አልነበረም። ቀራጩ እስኪመጣ፣ ጭነቱ እስኪፈታና እስኪቆጠር ደግሞ ነጋዴው ሰፍሮ ይጠብቃል፤ አጋሰሱ ይቀለባል፣ አሽከሩ ይበላል። ይህ ወጪ ቀረጥ ባይባልም ከነጋዴው ኪስ ነው የሚወጣው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የዚህ ሥርዓት ዋና ሰው ነጋድራስ ሆነ። የከተማው ገበያ ያኔ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነበር። ነጋድራሱ ቀረጡን ያስከፍላል፣ ገበያውን ይቆጣጠራል፣ የነጋዴዎችን ክርክርም ይዳኛል። ሹመቱ ምን ያህል የከበደ እንደነበር ለማየት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤልን መጥቀስ ይበቃል፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ንግዱንም የውጭ ጉዳዩንም ለእሳቸው ነው የሰጡት። ከውጭ ነጋዴና ከውጭ መንግሥት ጋር የሚደረገው ጉዳይ በአብዛኛው ስለ ቀረጥ በሆነበት ዘመን ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው መያዙ አያስገርምም።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በፈረንሳዩ መልእክተኛ በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚጠራው ውል፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነው፤ ለወይንና ለመሰል መጠጦች ደግሞ 8 በመቶ። ሌሎች መንግሥታትም የዚሁ መብት ተጠቃሚ ሆኑ። ስለዚህ ከቦምቤይ ጨርቅ ያስመጣ እንደ መሐመድ አሊ ያለ የንግድ ቤት የሚከፍለው ጣሪያው በውል ታስሮለታል፤ ከጅማ ቡና ጭኖ የሚመጣው ያገር ነጋዴ ግን በየኬላው ለሚጠየቀው እንዲህ ያለ መከታ አልነበረውም።

የፖስታ ጥቅል ታሪክም እዚሁ ዘመን ላይ ይጀምራል። የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብር ሐሳብ የመጣው ከባቡር ሐዲዱ ፈቃድ ጋር በ1886 ዓ.ም. ነው፤ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ የገቢ ዕቃው በር ጠበበ። በብዙ ተራራና በብዙ ወንዝ ሲበተን የኖረው ዕቃ በአንድ ሐዲድ መምጣት ጀመረ፤ ለቀራጭም ከዚህ የተሻለ ኬላ አይገኝም።

የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹምነት ትልቅ ሥልጣን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሹሞቹ አንዱ የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ሁልጊዜ ከሳሪ መሆኑን ያስረዳል፤ ጉምሩክንም ለግምጃ ቤት ገንዘብ ማግኛ ብቻ አድርገው አላዩትም። ለእሳቸው ቀረጥ ያገር ሙያ የሚያድግበት አጥር ነበር። አጥሩን ከፍ ማድረግ ግን የ1900ው ውል አይፈቅድም። መንግሥት መውጫ መንገድ ያገኘው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ የጉምሩክ ቀረጡን ሳይነካ «የኤክሳይዝና የፍጆታ ቀረጥ» የሚባል ሌላ ክፍያ ጨመረበት። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ውሉ ተጣሰ ብለው ተቃወሙ። በአንድ ዕቃ ላይ ስሙ የተለየ ሁለተኛ ክፍያ መደረብ ከዚያ ወዲህ የገቢ ዕቃ ሒሳብ ቋሚ ጠባይ ሆኗል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ያገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። ኮልፌ የከተማ ዳር መሆኗ ቀርቶ የገበያ ጎረቤት የሆነችው በዚያ ነው። አውቶብስ ተራ ሲደራጅ የምዕራቡ መንገደኛና ጭነት በደጇ አለፈ፤ የባሕር ዛፍ ግንድ የሚቸረቸርበት አጠና ተራም በስሙ ጸና። ባሕር ዛፉ ራሱ ዘሩ በ1880ዎቹ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ማዶ ካስመጣቻቸው ዕቃዎች ሁሉ የእሱን ያህል መልኳን የለወጠ ያለ አይመስልም።

ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. በወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቀረጥ በማዕከላዊ መንግሥት እጅ ተጠቃለለ፤ ነጋድራስነትም የክብር ስም ሆኖ ቀረ። ኬላ ግን አልጠፋም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በተተመነ ዋጋ ሲገዛ፣ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እህል በግል እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ፍተሻ ቆመ። ከዘመድ ቤት ጤፍ ይዞ የሚመለስ መንገደኛ ጆንያውን እያስፈታ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ይህ ገደብ የተነሳው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። በቅርብ ዓመታትም የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ሕገ ወጥ ኬላ በዛብን ብለው ደጋግመው አቤት ብለዋል።

ከውጭ ለሚመጣው ዕቃ ግን ኬላዎቹ ከመንገድ ተነሥተው አንድ ወረቀት ላይ ተሰብስበዋል። ወረቀቱ ዲክላራሲዮን ይባላል፤ እያንዳንዱ መስመሩም የራሱ የልደት ዘመን አለው። የሽያጭ ታክስን የተካው 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የ1995 ዓ.ም. ነው። 10 በመቶው ሱር ታክስ በ1999 መጣ። በጦርነት የተጎዳውን መሠረተ ልማት ለመጠገን ተብሎ የተጣለው 3 በመቶ የማኅበራዊ ዌልፌር ቀረጥ ደግሞ በ2014።

ነገሩ የሚከብደው አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ ነው። የመግዣው፣ የማጓጓዣውና የመድኅኑ ዋጋ ተደምሮ 10 ሺህ ብር የሆነ፣ ኤክሳይዝ የማይነካው ግን ከፍተኛው 35 በመቶ ቀረጥ የሚጣልበት ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 3,500 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከገባበት 13,500 ላይ ስለሆነ 2,025 ብር ይሆናል። ሱር ታክስ ሁለቱንም ይዞ ከ15,525 ላይ 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም ይወስዳል። የማኅበራዊ ዌልፌሩ 300 ብር ሲታከልበት ድምሩ 7,377 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 35 በመቶ የተባለው ወደ 74 በመቶ ተጠጋ ማለት ነው። የመጋዘን ኪራይ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ክፍያና ዕቃው በቆየ ቁጥር የሚቆጥረው ዲመሬጅ ገና አልተነሡም።

ታክሱ የሚሰላበት ዋጋ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ላይ የቆመ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የ100 ዶላር ጥቅል የሚቀረጥበት ዋጋ ከ5,700 ብር አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ የወጣው አንድ አዋጅ ሳይለወጥ፣ አንድ የታሪፍ መስመር ሳይነካ ነው።

በአዲስ አበባ ፖስታ በአብዛኛው እንደ ውጭው አገር የቤት ደጅ አያንኳኳም። ተቀባዩ የፖስታ ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ውስጥ ጥቅል መምጣቱን የሚያሳውቅ ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱንና መታወቂያውን ይዞ ይሄዳል፣ ጥቅሉ ይፈተሻል፣ ዋጋው ይተመናል፣ ክፍያው ይፈጸማል። ክርክር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ትመናው ላይ ነው። ላኪዋ በቅናሽ የገዛችውን ጫማ ደረሰኝ ካላስገባች የሚሠራው የጉምሩኩ ግምት ነው፤ በስጦታ የተላከ ዕቃም ስጦታ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም አይባልም። ከቤቴል ወይም ከቀራንዮ ተነሥቶ ዋናው ፖስታ ቤት ድረስ የሚመላለስ ሰው የታክሲውንና የቀረበትን የሥራ ቀን እዚያው ላይ ይደምረዋል።

በዚህ ምክንያት ሌላ መንገድ ተፈጥሯል። የኢትዮጵያ ባንክ ካርድ ይዞ ከውጭ ድረ ገጽ እንደልብ መግዛት ስለማይቻል፣ የብዙ ሰው ትእዛዝ በቴሌግራም ተሰብስቦ ዱባይ ወይም ቻይና ባለ ሰው ይገዛና በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል። ተሸካሚው በኪሎ ያስከፍላል። ሻንጣው የግል መገልገያ መስሎ ካለፈ አለፈ፤ ብዛቱ የንግድ ከመሰለ ግን ቦሌ ላይ ይያዛል። የሲራራው ነጋዴም ኬላ ሲበዛበት በጫካ መንገድ ይዞር ነበር።

ትናንሽ ጥቅልን መቅረጥ የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ የሚያወጣ ጥቅል ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባ የኖረበትን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሰርዟል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ለሚደርስ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ለሁሉም አገር ዘግታለች። ለሁለቱም ውሳኔ አንዱ ግፊት ከቻይና የሚመጣው የትናንሽ ጥቅል ጎርፍ ነው።

ኢትዮጵያ በበኩሏ በ1995 ዓ.ም. ያመለከተችበትን የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ስትደራደር ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ያው የ1900ው ጥያቄ ነው፤ በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ጣሪያው የት ይሁን? የድርጅቱ ሕግ ግን የክሎቡኮቭስኪ ውል ያላሰበውንም ይዟል። ከቀረጡ ጎን የሚደረቡ ሌሎች ክፍያዎች ተቆጥረው እንዲመዘገቡ ይጠይቃል፤ ከማስገባት ጋር በተያያዘ ለሚሰጥ አገልግሎት የሚከፈለውም አገልግሎቱ ከሚያስወጣው ወጪ ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ያዛል። ይህ ከተፈጸመ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ ምክንያታቸውን መናገር ይኖርባቸዋል።