ከሰው የተመረጡት ዳኛ

የአሜሪካን ፉትቦል የዝና አዳራሽ በኦሃዮዋ ካንተን ከተማ ሲገነባ ከቀን ሠራተኞቹ መካከል አንድ ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ አለን ፔጅ ይባላል። የተወለደውም እዚያው፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። አዳራሹ በ1963 ተከፈተ። በ1988 ደግሞ ያንኑ የቀን ሠራተኛ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ተርታ አስቀመጠው።

በመካከሉ ያለው ታሪክ የጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ገጽ በተውነው ነበር።

ፔጅ ከኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ጋር የ1966ቱ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኖ በማግሥቱ ዓመት ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ክለብ ገባ። የእኛ አንባቢ ሚኒሶታን የሚያውቃት በብርዷና እዚያ ባለው ዘመዱ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ስሟን ያስጠሩት አራቱ የቫይኪንግስ የፊት መስመር ተከላካዮች ነበሩ። የፔጅ ሥራ የተጋጣሚን አጥር ጥሶ፣ ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባኩ) ኳሷን ሳይወረውር ደርሶ መጣል ነው። በክብደት የሚበልጡት ሞልተዋል፤ ፈጥኖ በመነሣት ግን የሚቀድመው አልነበረም። በ1971 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ተከላካይ እሱ ነው። የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል፣ ግን አልቀናውም። አራት ጊዜ ደርሶ አራቱንም ተሸነፈ።

ሕግ ለማጥናት መጀመሪያ ሞክሮ በሦስት ሳምንቱ ትቶት ነበር። ሁለተኛው ሠመረለት፤ እየተጫወተ ተምሮ በ1978 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። ቫይኪንግስ ያሰናበተውም በዚያው ዓመት ነው። ባለቤቱ ዳያን ሲጋራ ለማቆም ብላ ሩጫ ስትጀምር እሱም አብሯት መሮጥ ያዘ፤ ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ወረደ፤ ክለቡም ለቦታው አነስህ አለው። በተጫዋቾች ማኅበር ውስጥ ለባልደረቦቹ መብት ሲሟገት የኖረ ሰው መሆኑንም አንርሳ። ቺካጎ ቤርስ 100 ዶላር ብቻ ከፍሎ ወሰደው። አነሰ የተባለው ሰው እስከ 1981 ተጫወተ፤ በመሀሉም ማራቶን ሮጦ ጨረሰ። በ15 የውድድር ዘመን ከ218ቱ መደበኛ ጨዋታዎች አንዱም አላመለጠውም።

ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው። በግዛቲቱ ረዳት ዐቃቤ ሕግነት ሲሠሩ የቆዩት ፔጅ በ1992 ለሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሊወዳደሩ ተነሡ። አገረ ገዢው ግን የነባሩን ዳኛ የሥራ ዘመን አራዘመና ምርጫው ሊቀር ሆነ። ፔጅ ከሰሱ፤ በፍርድ ቤቱ ዳኞች ምትክ ጉዳዩን ያዩት ተለዋጭ ዳኞችም ፈረዱላቸው። ምርጫው ተካሄደ፤ አሸንፈው በዚያ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ። እንደ እኔ ከሆነ ከ218ቱ ይልቅ የሚወራለት ግጥሚያ ይኸ ነው። የ70 ዓመት የጡረታ ሕግ በ2015 እስኪያስነሣቸው ድረስ በወንበራቸው ቆዩ።

ሜዳው አንድ ምልክት ትቶባቸዋል፤ ተደጋግማ የወለቀች ትንሽ ጣታቸው ከሌሎቹ ተነጥላ ወደ ጎን ቀጥ ብላ ቀርታለች። ልጆች ሲያገኟቸው ዓይናቸው እሷ ላይ ይተከላል፤ ዳኛውም ከሴት ልጃቸው ጋር ሆነው ስለ ጣቷ የሕፃናት መጽሐፍ ጽፈዋል። በ2018 ከዋይት ሐውስ የነጻነት ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ከዳያን ጋር ሆነው በ1988 ያቋቋሙት ፋውንዴሽን ደግሞ ለኮሌጅ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ገንዘቡን የሚወስድ ተማሪ ግን በየዓመቱ በዕድሜ የሚያንሱትን ተማሪዎች ማስጠናት ግዴታው ነው።