መንገድ የሠራት ዲላ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሞያሌ የሚወርድ ተሳፋሪ ዲላ ሲደርስ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ሐዋሳን አልፎ፣ የሲዳማን የእንሰት ጓሮዎች በመስኮት እያየ፣ ወገቡ ደክሞ ነው የሚገባው። አብዛኛው መንገደኛ ምሳውን በልቶ ይቀጥላል፤ የመሸበት አልጋ ይይዝና ጎህ ሲቀድ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከተማዋም ያደገችው ይህን አላፊ አግዳሚ በማብላትና በማሳደር ነው። ነገር ግን ዲላን በአንድ ምሳና በአንድ ሌሊት ብቻ የሚያውቃት ሰው ብዙ ይቀርበታል። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብታዎች የያዙትን ያህል ታሪክ የያዘ አገር በኢትዮጵያ ብዙ አይገኝም።

ከመናገሻው ከተማ ወደ ደቡብ የሚወጣው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለረጅም ዘመን የሚያበቃው ዲላ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ በሀገረ ማርያምና በያቤሎ በኩል፣ ጉዞው የዝናብና የጭቃ ነገር ነበር። ስለዚህ ከደቡብ የሚመጣው ቡና ሁሉ ዲላ ላይ ይራገፋል፣ ይመዘናል፣ ይከማቻል፣ እንደገና ይጫናል። ጭነቱ እስኪሞላ ሹፌሩ ይጠብቃል፤ ሂሳቡ እስኪዘጋ ነጋዴው ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሰው ራት ይፈልጋል፣ አልጋም ይፈልጋል። ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና ሲዳማው በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተው የኖሩት በዚህ ገበያ ዙሪያ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዲላ 59,150 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ዲላ የምትገኝበት የጌዴኦ ዞን በሙሉ ደግሞ 847,434።

የቡናው ታሪክ ግን ከአስፋልቱ ይቀድማል፤ መራራ ጎንም አለው። ጌዴኦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛት የተጠቃለለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ጌዴኦን ጨምሮ ሲዳሞን ለብዙ ዓመታት የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ የቡናን ዋጋ ቀድመው ከተረዱት ሹማምንት አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1935 ያለውን የጌዴኦን ታሪክ በመጽሐፍ ያወጣው ቻርልስ ማክሌላን እንዳሳየው፣ ይህችን ትንሽ አገር ከማዕከላዊው መንግሥትና ከዓለም ገበያ ጋር ያሰራት ቡና ነው። በዚያው ቡና ምክንያት መሬቱ ተፈለገ፤ የተፈለገ መሬት ደግሞ በቃላድ ተለክቶ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የተከለው ገበሬ በገዛ አያቱ ጓሮ ጭሰኛ ሆነ።

ቁጣው በ1952 ዓ.ም. ገነፈለ። ሚጪሌ በተባለው ስፍራ የተሰባሰቡት የጌዴኦ ገበሬዎች ጦርና ገጀራ ይዘው ጠመንጃ ከታጠቀ ኃይል ጋር ተጋጠሙ፤ ብዙዎቹም ወደቁ። ይህ ከጎጃምና ከባሌ የገበሬ አመጾች ጋር ሊነገር የሚገባው ታሪክ ከጌዴኦ ውጭ በሚገባው መጠን አይታወቅም። ወደ ይርጋጨፌ ለመሄድ መኪና የሚጠብቅ እንግዳ ስለ ሚጪሌ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ፣ የሚጠጣውን ቡና በሌላ ዓይን ያየዋል። ጭሰኝነትን በሕግ የሻረው የመሬት አዋጅ የታወጀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ማዕዱ። የዲላ ምግብ ቤቶች የመንገድ ከተማ ምግብ ቤቶች ናቸውና ጥብሱም፣ ሽሮውም፣ በዓርብና በረቡዕ በያይነቱም አይጠፋም። የአገሩን ምግብ መቅመስ የሚፈልግ ግን እንሰትን ይጠይቅ። ቆጮው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ሽታው ከደጅ ይጠራል፤ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይበላል። ቡላው በቅቤ ገንፎ ይሆናል፤ ለአራስ ሴት ከሚቀርቡት ምግቦች የሚከበረውም እሱ ነው። አሚቾው ተቀቅሎ እንደ ድንች ይቀርባል። ከአንድ ተክል ይህ ሁሉ የሚወጣው ግን በቀላሉ አይደለም። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያም ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ ጨምቀው፣ በኮባ በተነጠፈ ጉድጓድ ቀብረው እስኪብላላ ይጠብቁታል። በዲላ ገበያ ቆጮ ተሸክማ የምትመጣ እናት የወራት ድካም ይዛ ነው የምትመጣው።

እንሰቱ ምግብ ብቻም አይደለም፤ የጌዴኦ እርሻ ምሰሶ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ይቆማል፤ ከሥሩ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል፤ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡናው ይበቅላል፤ ከሁሉም በታች ጎመኑ፣ ቦየውና ቅመማ ቅመሙ አለ። በደጋው እንሰትና ዛፍ ይበዛሉ፤ በወይና ደጋው ቡና ይጨመራል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ፍራፍሬው ይበረክታል። ለዚህ ነው በዲላ ጁስ ቤቶች አቮካዶና ማንጎ የማይጠፋው። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህ አያያዝ የአምስት ሺህ ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይችል እንደሆነ በርዕሱ ሳይቀር ጠይቀዋል። ዕድሜው ምንም ይሁን፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይኖርበት የነበረው ዞን ዛሬም ከሩቅ ሲታይ ደን ይመስላል። ይህን ያህል ሰው እየመገቡ ዛፍ ማቆየት የጌዴኦ አርሶ አደሮች ትልቁ ሥራ ነው፤ ምስጋናውም ለነሱ ይገባል።

ቡናውስ? ወናጎን አልፎ በስተደቡብ የምትገኘው ይርጋጨፌ ስሟ በቶኪዮም በሲያትልም ካፌዎች ይነበባል። የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ሲከራከር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሷል። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተመሠረተው ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው። በመኸር ወራት መንገዱን ይዞ የሚሄድ ሰው ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ አጠገብ እሸቱ ሲፈለፈል፣ የታጠበው ቡና በአልጋ ላይ ሲሰጣ፣ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው እንከኑን ሲለቅሙ ያያል። ያው ቡና በመንገድ ዳር ጀበና ቡና ላይ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ሲቀርብ፣ የአበባና የሎሚ ቃናው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ቀማሽ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ማደሪያ ብዙ የሚባል የለም። የቀድሞዎቹ አልጋ ቤቶች ለሹፌርና ለነጋዴ የተሠሩ ነበሩ፤ ንጹሕ አንሶላና መኪና ማቆሚያ ግቢ ካላቸው ይበቃ ነበር። ለውጡን ያመጣው ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው ተቋም በ2006 ራሱን የቻለ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከመምህሩ፣ ከተማሪውና ልጁን ሊያስመርቅ ከሚመጣው ወላጅ ጋር ባለ ፎቅ ሆቴሎችም መጡ። የቡና ጥራት የሚመረመርበት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቅርንጫፍም የራሱን እንግዳ ያመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ዲላ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ማዕከላት ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ይሁንና ከተማዋ እንግዳ ማሳደሯን ያስመሰከረችበት ከባድ ጊዜ በ2010 ዓ.ም. ነበር። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ያላለቀው ሕንጻም መጠለያ ሆነ፤ የሚበላው ያልተረፈው ቤተሰብ ሳይቀር ዘመዱን አስገባ።

አንድ ቀን የጨመረ እንግዳ የዲላ ሰው መጀመሪያ የሚልከው ወደ ድንጋዮቹ ነው። በጌዴኦ ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገመታል፤ በአፍሪካ ካሉት ከፍተኛ የትክል ድንጋይ ክምችቶች አንዱ ነው። በጨልባ ቱቱቲ ረጃጅሞቹ ከቡናና ከእንሰት መሐል ብቅ ይላሉ። በቱቱ ፈላ ደግሞ በመቃብር ጉብታ ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ድንጋዮች ፊት፣ እጅና ጌጥ ተቀርጾባቸዋል። እዚያ የቆፈረው ፈረንሳዊው አርኪኦሎጂስት ሮዤ ዡሶም፣ የሰው መልክ ካላቸው አንዳንዶቹ ቀድሞ ሌላ ቅርጽ የነበራቸውና በኋላ እንደገና የተጠረቡ መሆናቸውን አሳይቷል። አንዱ ትውልድ የተከለውን ሌላው ለራሱ ሙት አድርጎ ቀርጾታል ማለት ነው።

ዕድሜያቸው ለብዙ ጊዜ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ተብሎ ሲነገር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ተመራማሪዎቹ አሸናፊ ዜና እና አንድሩው ደፍ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ባደረጉት ጥናት አንዳንዶቹ እስከ አንደኛው ክፍለ ዘመን እንደሚደርሱ አስታወቁ፤ ዕድሜው በሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። በዚያው ጥናት ሌላም ግኝት አለ። በስፍራው የተገኘው አብዛኛው ጥቁር የባልጩት ዓይነት ድንጋይ፣ ኦብሲዲያን የሚባለው፣ የመጣው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሰሜን ኬንያ ነው። ዛሬ ሎሪዎች የሚመላለሱበት የሞያሌ አቅጣጫ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊትም የሰውና የዕቃ መመላለሻ ሳይሆን አልቀረም።

ከዲላ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ሸጴ አለ። በገደሉ ግድግዳ ላይ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው፣ ሻኛ የሌላቸው 50 ያህል ከብቶች ከዓለቱ ወጣ ብለው ተቀርጸዋል፤ አርኪኦሎጂስቱ ፍራንሲስ አንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጥንቷቸዋል። ዛሬ እያንዳንዱ ክንድ መሬት ዛፍና እንሰት በተተከለበት አገር እነዚህን መንጋዎች ማየት የአካባቢው ኑሮ ምን ያህል እንደተለወጠ ያስረዳል።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በባህላዊ መልክዓ ምድርነት በመዝገቡ አሰፈረ። ከኮንሶ ቀጥሎ በዚህ ዘርፍ የተመዘገበ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ቅርስ ነው። የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ እርሻው፣ የሥርዓት ደኖቹ፣ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ሶንጎ፣ በአባ ገዳ የሚመራውና ባሌ የሚባለው የጌዴኦ ሥርዓትም አብረው ናቸው። በጥር ወር ዲላ የሚገኝ ሰው ደራሮን፣ የጌዴኦን የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል፣ አብሮ ማክበር ይችላል።

ከትክል ድንጋዮቹ ብዙዎቹ ወድቀዋል፣ ተሰብረዋልም። ዩኔስኮ መመዝገቡ ብቻውን አያቆማቸውም፤ አጥር፣ ጠባቂና የሠለጠነ አስጎብኚ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ የክልሉና የዞኑ ሥራ ነው። የመንገደኛው ድርሻ ቀላል ነው። በዲላ ሁለት ሌሊት ይደር፤ ወደ ቱቱ ፈላ ሲወጣ የአካባቢውን ወጣት አስጎብኚ ይያዝ፣ የድካሙንም በአግባቡ ይክፈል፤ የሥርዓት ደን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌዎቹን ያስፈቅድ።