የካርታው መለዋወጥና የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ ትምህርት

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ ሲከፈት ከመምህራኑ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ተማሪዎቹም ቀስ በቀስ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ይዘጋጁ ጀመር። ፈታኙ ሩቅ አገር በሆነበት ሥርዓት ኢትዮጵያ የጂኦግራፊ ትምህርት መነሻ ልትሆን እንደማትችል ግልጽ ነው። የአገሪቱን ጂኦግራፊ በአንድ ጥራዝ ያቀረበው የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መግቢያ መጽሐፍ የታተመው በ1972 (እ.ኤ.አ.) ነበር።

አገሪቱ ወደ ክፍል ውስጥ ስትገባ ግን በአብዛኛው የገባችው በስም ዝርዝር መልክ ነው። የባሌ ጎባ፣ የአርሲ አሰላ፣ የኢሉባቦር ጎሬ፣ በኋላም መቱ እየተባለ አሥራ አራቱ ክፍለ አገሮች ከነዋና ከተሞቻቸው በቃል ይጠኑ ነበር። በ1980 ዓ.ም. በእነርሱ ምትክ 24 የአስተዳደር አካባቢዎችና 5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ተደነገጉ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት 9 ክልሎች ተቋቋሙ፤ ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. በተደረጉ ለውጦችም ቁጥሩ 12 ደርሷል። ዝርዝሩ በተለወጠ ቁጥር የተማሪው ዕውቀት ዋጋ ያጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ ምጽዋንና አሰብን በአገሪቱ ወሰን ውስጥ ያሳይ ነበር። መምህራችን አዲሱን ወሰን በጣታቸው እየተከተሉ ያስረዱን ነበር፤ ሌላ ካርታ አልነበራቸውምና። በዚያው ካርታ ላይ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ በስምጥ ሸለቆው ወርዶ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ሲቀር ይታያል። በየትኛውም የአስተዳደር ለውጥ ይህ አልተነካም። ሆኖም ወንዙ ለምን ባሕር እንደማይደርስ የጠየቀን አልነበረም፤ የተጠየቅነው ርዝመቱን ነው። ቁጥርም ቢሆን እንደ ስም ሁሉ ይለወጣል። ለብዙ ዓመታት 4,620 ሜትር ተብሎ የተጠናው የራስ ዳሸን ከፍታ በኋላ በተደረገ ልኬት ዝቅ ብሏል።

በአንጻሩ የገጠር ልጅ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚመጣው ባዶ እጁን አይደለም። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላን ያውቃል፤ ገብሱ የት እንደሚዘራ፣ ማሽላው የት እንደሚበቅል ከአባቱ ተምሯል። ይህ ከፍታን ከሙቀት፣ ሙቀትን ከሰብል የሚያገናኝ ዕውቀት ነው። መጽሐፉ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ሲያቀርብለት ግን አዲስ ነገር መስሎት በቃሉ ያጠናዋል።

አንድ ዕጩ መምህር በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለ የከፍታ መስመሮችን ሲያስተምር ለመታዘብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስም የሌለው ኮረብታ ሣለ፤ አሣሣሉም የሚያስመሰግን ነበር። በመስኮቱ በኩል ግን ተማሪዎቹ በየቀኑ የሚወጡትና የሚወርዱት ጋራ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ከትምህርቱ በኋላ ለምን በእርሱ እንዳልተጠቀመ ስጠይቀው፣ «በመጽሐፉ ውስጥ የለም» አለኝ። ያ ጋራ ግን በ1:50,000 ካርታ ላይ አለ። በዚህ ካርታ ሁለት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነውና ትምህርት ቤቱ፣ ወንዙና ገበያው ሁሉ ይገኙበታል። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው የራሱን አካባቢ የሚያሳይ አንድ ሉህ ብቻ ነው።

ይሁንና መምህሩን ብቻ መውቀስ አይገባም። ፈተናው የክልሎችን ዋና ከተሞች እስከ ጠየቀ ድረስ እርሱም ዋና ከተሞችን ያስጠናል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ክለሳው መጀመር ያለበት ከፈተናው ነው፤ ለተፈታኙ የካርታ ቁራጭ ሰጥቶ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ መጠየቅ ይቻላል።