የትንሿ ሽጉጥ ታሪክና ሚዛን



ሽጉጥ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ፥ ለጠላት እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን የሠዉበት መሣሪያ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ሽጉጥ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የዛሬው ንግግራችን ግን በካፖርት ኪስ ወይም በጠረጴዛ መሳቢያ ስለምትቀመጠው ትንሽ ሽጉጥ ነው። እንዲህ ያለችውን መሣሪያ አንዳንዱ ከአባቱ ይወርሳታል፤ አንዳንዱም በፈቃድ ይገዛታል፤ ዋጋዋንም በማማሯና በማነሷ ይገምታል። ታሪኳ ግን ከዚህ የተለየ መመዘኛ ያስተምረናል። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ሄንሪ ደሪንጀር የተባለ የጦር መሣሪያ ሠሪ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት በመዳፍ ውስጥ ልትሰወር የምትችል ሽጉጥ በመሥራት ስሙ ገነነ። ሌሎች ሠሪዎችም ሥራውን እየቀዱ ስለ ሸጡ፥ ስሙ የትንንሽ ሽጉጦች ሁሉ የወል መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በአፕሪል 14 ቀን 1865 ጆን ዊልክስ ቡዝ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን በዋሽንግተን በፎርድ ቴአትር የመታው በዚህች ሽጉጥ ነው። ርዝመቷ 15 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ይሁን እንጂ የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ስለ ሆነ፥ ገዳዩ ሊይዘው ከተነሣው መኮንን ጋር የተጋጠመው በጩቤ ነው። እንግዲህ ማነስ በሌላ ወገን ጉድለትን እንደሚያስከትል ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ጉድለት ለማስወገድ ከደከሙት ሁሉ የሚልቀው አሜሪካዊው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ነው። እርሱ ያቀዳቸውን ሽጉጦች በቤልጅግ አገር በሊዬዥ አጠገብ በኤርስታል የሚገኘው፥ በ1889 የተቋቋመው ፋብሪካ ይሠራለት ነበር። በእነዚህ ሽጉጦች ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ግፊት ራሱ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። በ1906 ስሙ የተሰየመው ዓይነት ርዝመቱ 11 ሳንቲሜትር ያህል፥ ክብደቱም ከ400 ግራም ያነሰ ነበር። በ1910 የተሰየመው ደግሞ ሞላው በአፈሙዙ ዙሪያ ስለ ተጠመጠመ ቀጭንና ለስላሳ ሆነ። ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ በጁን 28 ቀን 1914 በሳራየቮ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽና ባለቤታቸውን የገደለው በዚሁ ዓይነት ሽጉጥ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያቶች ብዙና ሥር የሰደዱ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እሳቱን የጫረችው ክብደቷ 600 ግራም ያህል የሆነ መሣሪያ ነበረች።

ሠሪዎቹ የተወዳደሩት ስለ መተኮስ ብቻ ሳይሆን፥ ሳይፈለግ እንዳይተኮስ ስለ ማድረግም ነው። የ1910ሩ ብራውኒንግ ሦስት መጠበቂያ አለው፤ አንዱ በአውራ ጣት ይዘጋል፤ ሁለተኛው እጀታው በመዳፍ ካልተጨበጠ አያስተኩስም፤ ሦስተኛው የጥይቱ ካርታ ሲወጣ ምላጩን ያግዳል። በጀርመን አገር በ1929 እና በ1931 የወጡት የዋልተር ሽጉጦች ደግሞ ጥይት መጉረሳቸውን በዓይን ወይም በጣት የሚያስታውቅ ትንሽ ዘንግ ተጨመረላቸው። በኋላም የአሜሪካ መንግሥት በ1968 ባወጣው ሕግ ወደ አገሩ የሚገቡ ሽጉጦች በመጠን፥ በክብደትና በመጠበቂያ ነጥብ እንዲሰጣቸው ስለ ተደረገ፥ የ1931ዱ ዋልተር በማነሱ ምክንያት ወደቀ። ኩባንያው ከፍ ያለ አካል ሰጥቶ እንደገና አቀረበው። ገዢው እንደ ሞያ የሚያደንቀውን ትንሽነት ሕግ እንደ አደጋ ቆጠረው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ባለንብረቱ ምን ይማራል? አፈሙዟ አጭር የሆነች ሽጉጥ ዒላማ ለመምታት አስቸጋሪ ናት፤ ቀላልም ስለ ሆነች ስትተኮስ እጅን በብርቱ ትመታለች። አሮጌ ሽጉጥ ሞላው ሊደክም፥ መጠበቂያው ሊያልቅ፥ ስትወድቅም ልትባርቅ ስለምትችል፥ አስቀድሞ ባለሞያ ሊመረምራት ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ካርታው ወጥቷልና ባዶ ናት ብሎ ማመን ነው፤ አንድ ጥይት ጎርሳ ልትቀር ትችላለችና። አፈሙዟን ሰው ከሌለበት ወገን አዙሮ፥ ጣትን ከምላጩ አርቆ፥ ካርታውን ካወጡ በኋላ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ የጉረሻውን ስፍራ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ማስቀመጫዋም የተቆለፈ፥ ጥይቷም ለብቻው ይሁን፤ ሕፃን ከፍቶ የሚያገኛት መሳቢያ ማስቀመጫ አይባልም።

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ከአባት የተወረሰች መሆኗ ብቻም ፈቃድ አይሆንም።

ብልኆቹ ሠሪዎች ለእጀታው፥ ለካርታውና ለምላጩ መጠበቂያ አበጁ፤ ለባለቤቱ ቸልተኝነት ግን መጠበቂያ ሊያበጁ አልቻሉም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉና፥ ሽጉጥ በቤቱ ያለች ሁሉ ዛሬውኑ ይመርምራት።