ፒያኖና ግሸን

ግሸንን የምናውቃት በመስቀል ቅርጿና በመስከረም 21 ንግሥ ነው። ታሪክ ያገላበጠ ደግሞ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩባት እንደነበር ያክላል። በዚችው የአምባሰል አምባ፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ አውሮፓ የተማሩ ፒያኖ ተጫዋች በባዶ እግራቸው አሥር ዓመት ያህል መኖራቸውን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

የውብዳር ገብሩ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ፋሽስት አገር ሲወር ቤተሰቡ ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዘ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ወርደው፣ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ቫዮሊንና ፒያኖ ያጠኑ ነበር። ቀጥሎ ለንደን የመማር ዕድል መጣ፤ ፈቃድ ግን ተከለከሉ። ለአሥራ ሁለት ቀን ከቡና በቀር እህል አልቀመሱም ይባላል። ከዚያ ግሸን፤ ስማቸውም እማሆይ ጽጌ ማርያም ሆነ።

ታዲያ ሙዚቃቸውን የሰማ ሁሉ «ይሄማ ሾፓን ነው!» ይላል። እስቲ እንየው። ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1839 የጨረሰው ሁለተኛው ሶናታ አራት ክፍል አለው፤ ሦስተኛው ያ የታወቀው የቀብር ጉዞ ነው። ሶናታ ማለት በልማዱ ሁለት ዜማ ተገናኝተው ሲሟገቱ ቆይተው ወደ ቤት የሚመለሱበት ነው። ሹማን እንኳ ሾፓን አራት እብድ ልጆቹን አንድ ላይ አስሮ «ሶናታ» አላቸው ብሎ ተችቷል። የእማሆይ ሥራ ግን ሙግት የለበትም፤ ዜማው ብቻውን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያስባል።

ችግሩ መሣሪያው ላይ ነበር። አምባሰል የተባለውን ቅኝት ውሰዱ፦ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው የሚርቀው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሁለት ሙሉ ድምፅ ይዘላል። ማሲንቆ ላይ ጣት በድምፆቹ መካከል እንደ ልቡ ይንሸራተታል፤ ፒያኖ አንዴ ከተቃኘ ንቅንቅ አይልም። እማሆይ ያንን መንሸራተት በፈጣን ጌጥ ድምፆችና ልክ ባልተበጀለት ምት ተኩት። ይሄ ኩረጃ አይመስለኝም፤ ፒያኖን አማርኛ ማስተማር ነው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ለችግረኞች ዋለ። ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን በ1998 ዓ.ም. «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 21 ሲወጣ ነው፤ ያኔ ሰማንያ አልፏቸው፣ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ነበሩ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. እዚያው አረፉ፤ ዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።