የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች፦ የገበሬ ሬዲዮ ታሪክ ከአድማጩ ወገን ሲታይ



ንግግሬን በአባቴ ልጀምር። አባቴ ገበሬ ነበር። ማታ የግብርናው ዝግጅት ሲጀመር ሬዲዮኑን መደቡ ላይ ያስቀምጥና ያዳምጣል፤ ተናጋሪው ስለ ማዳበሪያ አጨማመር ሲያስረዳ አባቴ እዚያው ይመልስለታል። «ይሄ ለሌላ አገር ነው፤ የእኛ መሬት ውኃ ይቋጥራል» ይለዋል። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። የታሪክ ተማሪ ከሆንሁ በኋላ ግን ነገሩ የሚያስቅ እንዳልነበረ ገባኝ። አባቴ የሚናገረው ቁም ነገር ነበር፤ ያንን ቁም ነገር ወደ ጣቢያው የሚያደርስ መንገድ ግን አልነበረም።

የገበሬ ሬዲዮ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በማሰራጫዎች ኃይልና በአቅራቢዎች ዝና ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ይለያል። የአንድ የገበሬ ሬዲዮ ጥንካሬ የሚለካው ከገበሬው ወደ ጣቢያው በሚመለሰው ቃል ነው እላለሁ። ለዚህም ከካናዳ፣ ከህንድና ከአፍሪካ የተገኙ ሦስት ምሳሌዎችን አቀርባለሁ።

የካናዳ ገበሬ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በድርቅና በእህል ዋጋ መውደቅ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ከዚያ ዘመን ማግስት፣ በጥር 1941 እ.ኤ.አ.፣ የአገሪቱ የብሮድካስት ኮርፖሬሽን፣ የጎልማሶች ትምህርት ማኅበርና የግብርና ፌዴሬሽን ተባብረው «ብሔራዊ የገበሬዎች የሬዲዮ ሸንጎ» የሚባለውን ዝግጅት ጀመሩ። መሪ ቃሉ አራት ትእዛዞች ነበሩት፦ አንብብ፣ አድምጥ፣ ተወያይ፣ ሥራ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በክረምታቸው ወራት ጎረቤታሞች ሰኞ ማታ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ስለ ምሽቱ ርዕስ የተዘጋጀው ጽሑፍ አስቀድሞ በፖስታ ደርሷቸዋል። ስርጭቱን አብረው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ሬዲዮኑን ዘግተው ይወያያሉ። ጸሐፊያቸው የደረሱበትን ሐሳብ መዝግቦ ለክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ይልካል። በሌላ ሳምንት የስርጭቱ የመጨረሻ አምስት ደቂቃዎች ለየክፍለ ሀገሩ ይለቀቁና የክፍለ ሀገሩ ጸሐፊ ቡድኖቹ ያሉትን ለራሳቸው ለቡድኖቹ መልሶ ያሰማል።

እነዚህ አምስት ደቂቃዎች የዝግጅቱ ልብ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። አንድ ገበሬ በጓሮው የተናገረው ሐሳብ ማዶ ላለው የማያውቀው ገበሬ በአየር ሲደርስ፣ ምክሩ ከላይ ወደ ታች ብቻ መፍሰሱ ይቀራል። ዝግጅቱ በደመቀበት በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ 1,600 የሚጠጉ ቡድኖች ነበሩ። ከውይይቶቹም ተግባር ተወልዷል፤ ለምሳሌ በኦንታሪዮ ገበሬዎች የሕክምና ወጪያቸውን በጋራ የሚሸፍኑባቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከእነዚህ ሸንጎዎች የወጡ ናቸው። በኋላ ቴሌቪዥን ገባ፤ የገበሬው ቁጥር እየቀነሰ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ እየፈለሰ ሄደ። ሸንጎው በ1965 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ማሰራጫው እንደ ቆመ ነበር፤ የሳሳው የጎረቤታሞቹ ስብስብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የካናዳው ልምድ በዩኔስኮ አማካይነት ወደ ህንድ የተሻገረበት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በፑና አካባቢ፣ በአምስት አውራጃዎች ውስጥ በሚገኙ 150 መንደሮች ሸንጎዎች ተቋቁመው በማራቲ ቋንቋ 20 ስርጭቶችን አዳመጡ። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ሙከራ ልዩ ዋጋ አለው፤ ማነጻጸሪያ ተበጅቶለታልና። በፖል ኑራት የተመራው ጥናት ሸንጎ ያላቸውን መንደሮች ሸንጎ ከሌላቸው ጋር አስተያየ። ሸንጎ ባለባቸው መንደሮች የሰዎቹ ዕውቀት በግልጽ ጨመረ። ሬዲዮ ኖሮ ሸንጎ በሌለባቸው መንደሮች ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች መቀበያ ነበራቸው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ከማዳመጥ በኋላ የሚደረገው ንግግር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ አህጉራችን ያመጣናል። ጆርጅ አትኪንስ በካናዳ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን ለብዙ ዓመታት የእርሻ ዝግጅት ያቀረበ ጋዜጠኛ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. በዛምቢያ በተካሄደ ሥልጠና ላይ ከአፍሪካ የግብርና ሬዲዮ አቅራቢዎች ጋር ተገናኘ። አትኪንስ ራሱ ኋላ እንደሚተርከው፣ ከሴራሊዮን የመጣ አቅራቢ በቅርቡ ስለ ትራክተር ካንዴላ አያያዝ ማስተላለፉን ነገረው። ከአድማጮችህ ስንቱ ትራክተር አለው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ፣ ከጥቂቶች በቀር የለውም የሚል ሆነ።

በዚህ ታሪክ ሴራሊዮናዊውን መውቀስ ስሕተት ይመስለኛል። አቅራቢው በእጁ የነበረው ጽሑፍ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ከአድማጮቹ የመጣ ጽሑፍ የሚልክለት አልነበረም። አትኪንስ ችግሩን እንዲህ ተረድቶት በ1979 እ.ኤ.አ. የታዳጊ አገሮች የገበሬ ሬዲዮ መረብን አቋቋመ። በአንድ አገር ያሉ አነስተኛ ገበሬዎች ውድ ግብዓት ሳይገዙ የሚሠሩበትን ዘዴ እየቀዳ፣ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሌሎች አገሮች አቅራቢዎች ይልክ ነበር። አቅራቢዎቹም ጽሑፉን በየቋንቋቸው ተርጉመው ከየአካባቢያቸው ጋር ያስማሙታል። የመጀመሪያው ጥራዝ በ26 አገሮች ለሚገኙ 34 አቅራቢዎች ደረሰ።

ያ መረብ ዛሬ ፋርም ሬዲዮ ኢንተርናሽናል ተብሎ በአገራችንም ይሠራል። በደረሰባቸው የአፍሪካ አገሮች የእጅ ስልክን ከሬዲዮ ጋር አዛምዷል፤ አድማጩ ሚስኮል በማድረግ ብቻ ድምፁን የሚሰጥበት አሠራር አለ። ሚስኮሉ ለእኔ የካናዳዎቹ አምስት ደቂቃዎች የልጅ ልጅ ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የካናዳው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተከራክሮ የደረሰበትን በራሱ ቃል ይጽፍ ነበር፤ ሚስኮል ያደረገው ገበሬ አስቀድሞ በሌላ ሰው ከተጻፉ አማራጮች አንዱን ይመርጣል። መንገዱ ፈጥኗል፤ የሚሸከመው ቃል ግን ቀንሶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የሚተርፍ አንድ ሥራ አለ። የሬዲዮን ታሪክ ስናጠና የምንሮጠው ወደ ስርጭቱ ጽሑፍና ወደ ቀረጻው ነው። የአድማጩ ደብዳቤ፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ የገበሬው ክርክር ግን ቶሎ የሚጠፋ ማስረጃ ነው። በየቀበሌው የግብርና ዝግጅት ሲያዳምጡ ያረጁ ሰዎች፣ በየጣቢያውም በጡረታ የተገለሉ አቅራቢዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ሁሉ፣ መቅረጫ ይዛችሁ ወደ እነርሱ ሂዱ። አቅራቢውን «ምን አስተላለፍህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «ምን ተመለሰልህ?» ማለትንም አትርሱ። ገበሬውንም «ምን ሰማህ?» ካላችሁ በኋላ «ምን ብለህ መለስህ?» በሉት።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። የሚያዳምጠው ዝግጅት ጽሑፍ ምናልባት በአንድ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይገኝ ይሆናል። እሱ የመለሰውን ግን የጻፈው ሰው የለም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሳቅሁበት እንጂ አልጻፍሁትም።

አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው፤ ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።