የዳጋ እስጢፋኖስ ዕቃ ቤትና የፍሬ ጽዮን ሥዕል

በጣና ሐይቅ በዳጋ ደሴት የሚገኘው የእስጢፋኖስ ገዳም ንዋየ ቅድሳቱን፣ ማለትም መስቀሎችን፣ አክሊሎችን፣ የብራና መጻሕፍትንና ሥዕላትን፣ የሚያኖርበት ቤት በአካባቢው ገዳማት ልማድ «ዕቃ ቤት» ይባላል። ይህ ቤት በሙዚየምነት የታነጸ ባይሆንም፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብንና የአፄ ፋሲለደስን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን ያረፈበት በመሆኑና ከኢትዮጵያ የመካከለኛው ዘመን ሥዕሎች እጅግ ከላቁት አንዱ የዚህ ገዳም ሀብት በመሆኑ፣ የአገሪቱ የሥነ ጥበብ ታሪክ ያለ እርሱ ሊጻፍ አይችልም።

ሥዕሉ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ሲጠብቋት የሚያሳይ ሲሆን፣ የተሠራውም በጊዜው ሥርዐት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጀሶ በሙጫ ተለውሶ ከተቀባ በኋላ በዚያ ነጭ ልስን ላይ ቀለም በማኖር ነው። ሥዕሉን ልዩ የሚያደርገው ግን የግእዝ ጽሑፉ ነው፤ ጽሑፉ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468)፣ ይስሐቅ የዳጋ አበምኔት ሳለ መሣሉን ከገለጸ በኋላ ሠዓሊውን ፍሬ ጽዮን ብሎ ይጠራዋል። የዘመኑ ሠዓልያን አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይተዉ ስላለፉ፣ ይህ አንድ ስም በሌሎች ቦታዎች ያሉ ተመሳሳይ ሥዕሎችን ከአንድ ሠዓሊና ከተከታዮቹ ጋር ለማያያዝ መሠረት ሆኗል፤ በአሜሪካ ባልቲሞር በዎልተርስ ሙዚየም የሚገኝ ባለሁለት ገጽ ሥዕልም ለፍሬ ጽዮን ተከታይ የሚሰጠው በዚሁ መነሻ ነው።

የሥዕሉ መሣል ከንጉሡ ሃይማኖታዊ ፖሊሲ ተነጥሎ አይታይም። ዘርዓ ያዕቆብ የማርያምን በዓላት አብዝተው ተኣምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብና ለሥዕሏ እንዲሰገድ በማዘዛቸው የሥዕል ፍላጎት ጨመረ፤ ይህን ስግደት ያልተቀበሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት እንጂ የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሰዎች አይደሉም) በዚሁ ዘመን ብርቱ መከራ ተቀበሉ። እንግዲህ በአንድ ዘመን ሥዕል ለአንዱ የጸሎት በር፣ ለሌላው የስደት ምክንያት ነበር።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዘርዓ ያዕቆብን ዘመን ሥዕሎች ለማንኛውም ጎብኚ ያሳያል። የዳጋ ሥዕል ግን ከተሣለበት ሥርዐት አልተነቀለም፤ ይህም ትልቅ ዋጋ አለው። ሆኖም የገዳሙ ሥርዐት ሴቶችን ወደ ደሴቱ ስለማያስገባ፣ የአገሪቱ ግማሽ ሕዝብ ይህችን የእናት ሥዕል በቦታዋ አያያትም። ሥርዐቱ ይከበር፤ ሥዕሏም በቦታዋ ትኑር፤ ነገር ግን ገዳሙና የክልሉ የባህል ባለሥልጣናት ተስማምተው፣ በጥሩ ፎቶግራፍ የተነሣ እውነተኛ ግልባጯን በባሕር ዳር ለሁሉም ሊያሳዩ ይገባል።